በብዕር የተጻፈው መለያ

የሥራ ክፍሏ ከሙዚየሙ ሕንፃ ሥር ነው። ብቸኛው መስኮት ከእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ጋር እኩል በመሆኑ ከውጭው ዓለም የሚታያት የሰው እግር ብቻ ነው፤ የሚጣደፍ ጫማ፣ የሚጎተት ጫማ፣ አንዳንዴም ቆሞ የሚያመነታ ጫማ። ረፋዱ ላይ ፀሐይ በእነዚያ እግሮች መካከል ሾልካ ትገባና ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል የብርሃን ምንጣፍ ታነጥፋለች። በዚያ ብርሃን ውስጥ ከድንጋይ የተፋቀ ትቢያ ይንሳፈፋል። የሚወርድ አይመስልም፤ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሁሉ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ሴትዮዋ መርፌዋን አስቀምጣ ይህን ስታይ ክፍሉ ቀስ በቀስ የሐይቅ ወለል ይሆንባታል፤ ጣሪያው የውሃው ገጽ፣ አላፊ አግዳሚው ደግሞ ከበላይዋ የሚንሸራተት የጀልባ ጥላ።

እንዲህ ያለው ሕልም ለሥራ አይጠቅምም። እርሷም ይህን ስለምታውቅ ቶሎ ወደ መርፌዋ ትመለሳለች።

ሙያዋ ቅሪተ አካል ማጽዳት ነው። ከማይቆጠር ዘመን በፊት ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ፍጡር ከአለት ተፈልፍሎ ይመጣላታል፤ የእርሷ ድርሻ እንስሳ ከሆነው ድንጋይ ላይ እንስሳ ያልሆነውን ድንጋይ ማንሳት ነው። መሣሪያዋ መርፌ፣ ለስላሳ ብሩሽና ማጉያ መነጽር ነው። የጥፍር ስፋት ያላትን ቦታ ለማጽዳት አንዳንዴ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጅባታል። ጎረቤቶቿ ምን እንደምትሠራ ሲጠይቋት «ድንጋይ አጥባለሁ» ትላለች። «ይጠራል?» ሲሏት «ከሰው ይሻላል» ብላ ታልፋቸዋለች።

በመሥሪያ ቤቱ በስሟ የሚጠራት የለም። «እርሳስ» ይሏታል። ፀጉሯ ላይ ዘወትር እርሳስ ተሰክቶ ይገኛል፤ ከእርሷም ክፍል በእርሳስ ካልሆነ በቀር የተጻፈ መለያ ወረቀት አይወጣም። አዲስ የተቀጠረ ሰው እስክሪብቶ ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ ከተጠጋ እንደ እሳት ታሸሸዋለች፤ እጁን ይዛ «ቀለም ውሃ ሲነካው ይሸሻል፤ እርሳስ ግን አይሸሽም» ትለዋለች። ሁሉም ይህን የጥንቃቄዋ ምልክት አድርገው ያደንቁ ነበር። እኛ ሰዎች የሌላውን ጥንቃቄ ስናይ መልካም ባሕርይ ነው ብለን ለማመን እንቸኩላለን፤ ምን ዓይነት ጥፋት እንዳስተማረው ግን አንጠይቅም።

አንድ ቀን ጥሩ ልብስ የለበሰ ሰው ከባድ ከረጢት ተሸክሞ ደረጃውን ወረደ። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያራግፈው የሚያብረቀርቁ አጥንቶች ተንከባለሉ።

«ስጦታ ነው እናቴ» አለ ፊቱ በርቶ። «ለሙዚየሙ።»

አንዱን አንስታ በመነጽሯ አየችው። «ከየት ነው ያነሱት?»

«ከወንዙ ማዶ፣ እዚያ ገደሉ ጋ።»

«ከየትኛው ገደል?»

«ገደል ገደል ነው እንጂ ምን ስም አለው?»

«ከገደሉ ከላይኛው አፈር ነው ወይስ ከታችኛው?»

ሰውዬው ሳቀ። «እናቴ፣ እኔ እኮ አጥቤ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቄ ነው ያመጣሁት!»

«አየሁ። እንደ አዲስ ቁም ሣጥን ያበራል» አለችና አጥንቱን በጥንቃቄ መለሰችለት። «እኛ ግን ቁም ሣጥን አንሰበስብም።»

ሰውዬው ተቀይሞ ሄደ። እርሷ ግን አልተጸጸተችም። ለሠልጣኞቿ ዘወትር የምትነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ቅሪተ አካል ዋጋ የሚኖረው ከተኛበት አፈር ጋር ነው። ከየት እንደተነሳ ካልታወቀ ምስክርነቱ የጠፋ ምስክር ነው። ስለዚህ ከማንሳት በፊት ይለካል፣ ይሣላል፣ በላዩና በታቹ ያለው አፈር ይመዘገባል፤ ሲጠቀለል አንድ መለያ ከውስጥ፣ አንድ ከውጭ ይደረግለታል። ተሸክመህ በደህና ልታደርሰው የማትችለውን አታነሳም። ካገኘኸው ሁሉ ከፊሉን እዚያው ትተዋለህ፤ ነገ ከአንተ የተሻለ ዓይንና መሣሪያ ያለው ሰው ይመጣልና። ኮረብታን ባዶ አድርጎ የተመለሰ ሰው፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን፣ ዘራፊ ነው።

ይህን ሁሉ በትክክል ታስተምር ነበር። ትምህርቱ ልክ ነው። ችግሩ በአስተማሪዋ ላይ ነበር።

ከላይ፣ በሙዚየሙ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ በመስታወት ሥር አንዲት ዓሣ ተኝታለች። ርዝመቷ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ይደርሳል። ጅራቷን ወደ ራሷ አጥፋ በመጠቅለሏ የሞተች ሳትሆን ያሸለበች ትመስላለች። አጥንቶቿ አንድም ሳይጎድል ተቆጥረው የተቀመጡ ያህል ናቸው። ከጎኗ ያለው ጽሑፍ «ቀዩ ኮረብታ» ይላል። ቀዩ ኮረብታ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል፤ በእርሷ ምክንያት ታጥሮ፣ ዘበኛ ተቀጥሮለት፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ተጠብቋል። ከደረቀው ሸለቆ ማዶ የሚገኘውን ግራጫውን ኮረብታ ግን ማንም አላጠረውም። ምሁራን በየዓመቱ እየመጡ ቀዩን ቆፈሩ፤ ሁለተኛ ዓሣ ያገኘ የለም።

ዓሣዋን ያጸዳቻት እርሳስ ናት። አሥራ አንድ ወር ፈጅቶባታል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንድ ሕልም ይመላለስባታል። ዓሣዋ ከመስታወቱ ሥር ትነሳና በአዳራሹ አየር ውስጥ እየቀዘፈች ትወጣለች፤ በመንገዱ፣ በቤቶቹ ጣሪያ ላይ አልፋ ቀዩ ኮረብታ ትደርሳለች። ኮረብታውን ትዞረዋለች። አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ውሃ የለም። ሴትዮዋ ማዶውን እያሳየች «በዚያ በኩል ነው» ልትላት ትፈልጋለች፤ ነገር ግን አፏ ውስጥ ጭቃ ሞልቷል።

ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ሲቀራት ደብዳቤ መጣ። ይዞላት የወረደው የክፍሉ ኃላፊ ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ተማሪ ሆኖ ሲመጣ መርፌ አያያዝ ያስተማረችው እርሷ ናት፤ ዶክተር የተባለውም በዚያችው ዓሣ ላይ ባቀረበው ጥናት ነው። ጥናቱ፣ ዓሣዋ በቀዩ አፈር ውስጥ መገኘቷ የጥንቱ ሐይቅ እስከ ቀዩ አፈር ዘመን ድረስ እንደቆየ ያሳያል ይላል።

«እትዬ፣ ቀላል ሥራ ነው» አለ ወረቀቱን እያስቀመጠላት። «ግራጫውን ኮረብታ ለድንጋይ መፍጫ ሊሰጡት ነው። ለመንገድ ጠጠር። ከዚያ የተሰበሰበ ጠቃሚ ነገር ካለ በሠላሳ ቀን ውስጥ አሳውቁን ብለዋል።»

«እና?»

«እናማ መዝገቡን አየሁት። አንድ የኤሊ ቅርፊት ስባሪና የማይለይ ጥቃቅን ነገር ነው። እርስዎ አንዴ አመሳክረው ይፈርሙበትና 'ተቃውሞ የለንም' ብለን እንመልስላቸው።»

ወረቀቱን አላነሳችውም። ኃላፊው ይህን ድካም አድርጎ ወሰደው።

«የስንብት ምስክር ወረቀትዎን እያዘጋጀሁ ነው» አላት ፈገግ ብሎ። «'ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ እንከን' ብዬ ጀምሬዋለሁ።»

እሱ ከወጣ በኋላ ብርሃኑ ከጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ እስኪወርድ ድረስ ተቀምጣ ቆየች።

እንከኑ ይህ ነው። በተቀጠረች በመጀመሪያው ዓመት ከቡድን ጋር ወደ ኮረብቶቹ ወጥታ ነበር። የእርሷ ሥራ የተገኘውን ጠቅልሎ መለያ መጻፍ ነበር። እርሳስ ተሰጥቷት ነበር። ነገር ግን የቡድኑ የጭነት መኪና ሹፌር፣ በኋላ ባሏ የሆነው ሰው፣ ከመውጣታቸው በፊት ቀለም የሚሞላ፣ ወርቃማ ክዳን ያለው ብዕር ሰጣት። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። በዚያ ብዕር የተጻፈው የእጅ ጽሑፏ ለዓይኗ አማረ፤ መለያዎቹን ሁሉ በእርሱ ጻፈች። የመጨረሻዎቹን ቀናት ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱንም ኮረብቶች በአንድ ጊዜ ቆፈረ፤ ጥቅሎቹም በአንድ መኪና ላይ ተጫኑ። ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸው። ጭነቱ በሸራ አልተሸፈነም ነበር።

ከተማ ሲደርሱ አብዛኛው ጥቅል ከደብተሩ ጋር ተመሳክሮ ተለየ። ሁለት ግን ቀሩ። ከቀዩም ከግራጫውም ሰባተኛ ተብሎ የተመዘገበ ጥቅል ነበር፤ ደብተሩም ስለሁለቱም «ድንጋይ፤ የአጥንት ጠርዝ ይታያል» ብቻ ይላል። መለያዎቻቸው ሰማያዊ እድፍ ሆነዋል፤ ከሁለቱም ላይ የተረፈው ሰባት ቁጥር ብቻ ነበር። አንደኛው ድንጋይ ላይ ቀይ ጭቃ ተለጥፏል። ዛሬ በሕይወት የሌሉት የያኔው ኃላፊ ያንን ድንጋይ አንስተው «ይሄ ከቀዩ ነው፣ አይደል?» አሉ። «ቦታው አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ነበር የሚገባት። የሚያሳፍር ቃል ነው፤ ሐቀኛ ግን ነው። እርሷ «አዎ» አለች። የመኪናው ወለል ሁሉ በቀይ ጭቃ ተጨማልቆ እንደነበር፣ ድንጋዩም እዚያ ላይ ሲንከባለል እንደመጣ እያወቀች «አዎ» አለች። ከዚያ ድንጋይ ውስጥ ዓሣዋ ወጣች፤ ከሌላው ደግሞ የኤሊ ቅርፊት ስባሪ።

ይህ የመጀመሪያው ጥፋት ነው፤ የወጣትነት ነው ይባልለት ይሆናል። ሁለተኛው ግን እንዲህ አይባልለትም። ዓሣዋን ማጽዳት በጀመረች በአራተኛው ወር ከመርፌዋ ጫፍ አንዲት ቀንድ አውጣ ወጣች፤ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል። እንዲህ ያሉ ቀንድ አውጣዎች በግራጫው ኮረብታ እንጂ በቀዩ አይገኙም። ቀንድ አውጣዋ ከመርፌው ጫፍ ወድቃ ትቢያው ውስጥ ጠፋች። ሴትዮዋ ትቢያውን አልበጠረችም። ጠርጋ ደፋችው።

ከዚያ በኋላ የድንጋዩን የታችኛውን ገጽ አልነካችም። «ለሚመጣው ትውልድ ይቆይ» አለች። ማንም ብቻውን እንዳይከፍተውም ሁለት ሰው ባለበት ብቻ ይከፈት የሚል ደንብ አጻፈች። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው፤ ዛሬም በብዙ ክፍል ይሠራበታል። የተጻፈው ግን ከፍርሃት ነው።

እሑድ ጠዋት ባሏ ከቤታቸው ደጅ፣ ከአሮጌዋ መኪናው ሞተር ላይ አጎንብሶ ነበር። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ መኪናዋን ከመንዳት ይልቅ መፍታት ይቀናዋል። ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ የዚያን ቀን ጭነቱን ለምን በሸራ አልሸፈንክም?»

«የትኛውን ቀን?»

«ታውቃለህ።»

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። «ሠላሳ ዓመት ጠብቀሽ ዛሬ ልትከሺኝ ነው?»

«መልስልኝ።»

«አንቺን እያየሁ ነበራ!» አለ ቀና ሳይል። «ብዕሩን ደረትሽ ላይ ሰክተሽ እንደ ሚኒስትር ስትንጎራደጂ ደመናውን ማን ያያል?»

ሳቋ መጣ፤ መለሰችው። ስለ ደብዳቤው ነገረችው። እሱም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማት።

«ስሚኝ» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ወር ነው የቀረሽ። ዝም አይነቅዝም። ደግሞስ ልጁ? በዚያች ዓሣ አይደል እንዴ ዶክተር የተባለው?»

«በእሷ ነው።»

«ታዲያ የራስሽ ሳያንስ የእሱንም ቤት ልታፈርሺ? ሆድ ይፍጀው በይና ተይው።»

«ሆዴማ እሱን ፈጅቶ ጨርሷል። አሁን እኔን ይዟል።»

«ኮረብታ እኮ ነው! ድንጋይ!»

«ድንጋይ ነው» አለች። «ግን ከፈጩት በኋላ ተሳስቼ ነበር ብል የሚመልሰው የለም። የእኔ ስም ቢፈጭ እኔው እለቅመዋለሁ።»

ባሏ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ካጎነበሰ በኋላ ነው የተናገረው። «ስትነግሪው ሸራውንም ንገሪው። ብቻሽን አትሸከሚው።»

ሰኞ ጠዋት ደረጃውን ወጥታ ኃላፊው ቢሮ ገባች። እንድትቀመጥ ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም።

«ዓሣዋን አውርደን የታችኛውን ገጽ እንድንከፍት እፈልጋለሁ። አንተና እኔ።»

«እትዬ፣ 'አይነካም' ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አሁን?»

ውሸቱ ዝግጁ ሆኖ ምላሷ ላይ ነበር፤ «ከመሄዴ በፊት ላያት ፈልጌ ነው» ማለት ይበቃል። ከዚያም ቀይ ሆኖ ከተገኘ ምንም አልተፈጠረም፤ ግራጫ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አብራው ትደነግጣለች። ብዙ ሰው እውነትን የሚወዳት በዚህ መንገድ ብቻ ነው፤ በአጋጣሚ ከተገለጠች። እርሷ ግን ድንጋዩ ሳይከፈት ብዕሩን፣ ዝናቡን፣ ሸራውን፣ «አዎ» ያለችውን፣ በመጨረሻም ጠርጋ የደፋችውን ትቢያ በየተራ ነገረችው።

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምናልባት ከቀዩ ሊሆን ይችላል» አለ።

«ሊሆን ይችላል።»

«ቀይ ከሆነ እኔ ይህን አልሰማሁም።»

«ቀይ ቢሆንም ሰምተሃል።»

ዓሣዋን አራት ሆነው አወረዷት፤ ሁለቱ ተሸካሚዎች ወጡና እርሷና ኃላፊው ቀሩ። ድንጋዩን በአሸዋ ከረጢት ላይ ገልብጠው አስተኙት። እሱ መብራት ያዘላት፤ እርሷ በመርፌ ጀመረች። የላይኛው ቀይ ቅርፊት እንደ ደረቀ ቀለም እየተሰነጠቀ ተነሳ። ሥሩ አመድማ ነበር። ነገር ግን የቀዩም ኮረብታ ድንጋይ ውስጡ ሲደርቅ አመድማ ይሆናል፤ ስለዚህ መርፌው ቀጠለ። ከመስኮቱ ውጭ እግሮች ያልፋሉ። የትቢያው ብርሃን መጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፣ ክፍሉ እንደ ልማዱ ወደ ውሃነት ተለወጠ፤ በዚያ ውሃ ውስጥ የሁለት ሰዎች ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር።

መጀመሪያ አንዲት ቀንድ አውጣ ወጣች። ቀጥሎ ሁለተኛ። ከዚያም ሥራው አሥር ቀን ወስዶ፣ አንድ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ የተዘራ ዘር ይመስል በመቶ የሚቆጠሩ፣ ሁሉም አፋቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ የመለሱ፣ የመጨረሻው ሞገድ እንዳስተኛቸው የቀሩ ቀንድ አውጣዎች ታዩ።

ኃላፊው መብራቱን አስቀምጦ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «አሥራ ስምንት ዓመት» አለ።

እርሷ መርፌዋን አስቀመጠች።

«ያንን ጥናት ስጽፍ አጠገቤ ነበሩ። የፊደል ስህተቱን ሳይቀር ያረሙልኝ እርስዎ ነዎት።»

«አርሜያለሁ።»

«ዝም ብለው?»

«ዝም ብዬ።»

ተነስቶ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ታች አልወረደም። በእነዚያ ሁለት ቀናት እርሳስ እያንዳንዷን ቀንድ አውጣ ሣለች፣ ለካች፣ መለያ ጻፈችላት። ምን እንደሚወስን አታውቅም ነበር። ደብዳቤው ላይ የሚፈርመው እሱ ነው፤ ዝም ቢል ዝምታውን ያስተማረችው እርሷ መሆኗ አይካድም። ከሠላሳው ቀን የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቀልቶ፣ ትልቁን መዝገብ በብብቱ ይዞ ወረደ።

«መዝገቡን እርስዎ ያርሙት» አለ። ድምፁ ውስጥ ይቅርታ አልነበረም። «ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። ጥናቴ ስህተት መሆኑንም እኔው አስታውቃለሁ።»

«እኔ አሳሳትኩት ብለህ ጻፍ።»

«እጽፋለሁ። እኔም የታችኛውን ገጽ እንክፈት ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። ስለተመቸኝ።»

መዝገቡን ገለጠችው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ኩራት ያለበት፣ ያማረ የእጅ ጽሑፍ ነው። በመዝገብ ላይ የተጻፈ አይፋቅም፣ በወረቀት አይሸፈንም፤ በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፣ ስህተቱም ከእርማቱ ጎን እየተነበበ ይኖራል። «ቀዩ ኮረብታ» የሚለውን ሰረዘች። ከጎኑ «ግራጫው ኮረብታ፤ በታችኛው ገጽ በተገኙ ቀንድ አውጣዎች የተረጋገጠ» ብላ ጻፈች፤ ስሟንና ቀኑን አከለች፤ የኤሊውንም ስባሪ በዚያው መንገድ ወደ ቀዩ አዛወረች። ከዚያ በታች ማንም ያልጠየቃትን አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረች፦ «ስህተቱን የፈጸምኩትም፣ እያወቅኩ ያቆየሁትም እኔ ነኝ።»

ይህን በማድረጓ ጀግና ልትባል አይገባም። ጀግና ለመባል ሠላሳ አንድ ዓመት ዘግይታለች፤ በእነዚያ ዓመታት ቀዩን ኮረብታ በከንቱ የቆፈሩ ሰዎች ላብ አይመለስም። ሆኖም ጥፋትን ሳይገለጥ መናገር ከተገለጠ በኋላ ከማልቀስ የተለየ ነገር ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

የስንብቱ ቀን ሠራተኞች ሻይ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ምስክር ወረቀቱ ሲነበብ «ያለ እንከን» የሚለው ቃል የለበትም፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል» ብቻ ይላል። ቃሉን ያስወጣችው እርሷው ናት፤ ኃላፊውም «ይኑር» ብሎ አልተከራከራትም። ነገሩ በሕንፃው ሁሉ ተወርቶ ነበርና ሰዉ ሻዩን ሲያማስል የማንኪያው ድምፅ ይሰማል። ቀድሞ የተናገረው የበሩ ዘበኛ ነው።

«ምን ታቀረቅራላችሁ? እርሳስ እኮ ጫፉ ላይ ላጲስ አለው!»

ጥቂቶች ሳቁ፤ ሌሎች ደነገጡ። እርሷ ግን ፀጉሯ ላይ የተሰካውን እርሳስ ነቅላ ጫፉን አየችው።

«አለው» አለች። «አልተጠቀምኩበትም እንጂ። አንተም ጥበቃ ላይ ስትተኛ የተያዝክበትን ቀን አልፍቅልህም።»

ዘበኛው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰገደላት፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

በግራጫው ኮረብታ ጉዳይ የመጣው መልስ አጭር ነው። ጥናት ተካሂዶ እስኪወሰን ድረስ የድንጋይ መፍጫው ፈቃድ ይታገዳል ይላል። «ይታገዳል» ማለት «ይድናል» ማለት አይደለም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባሏ አሮጌዋን መኪና አስነስቶ ወሰዳት። ኃላፊው ከኋላ ተቀምጧል። በመንገድ ላይ ብዙ አላወሩም፤ ከይቅርታ በፊት የሚመጣው ዝምታ ነበር፣ ወይም ይቅርታ የማይከተለው፤ ሦስቱም አያውቁም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ የተንጠለጠለ ደመና የለም። ቢሆንም የመኪናዋ ጣሪያ ላይ ተጣጥፎ የታሰረ አዲስ ሸራ ነበር።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አለ ኃላፊው ሲወርዱ።

«ለዝናቡ» አለ ባሏ።

«የቱ ዝናብ?»

«ያኔ የዘነበው።»

ኃላፊው መሳቁን ያልፈለገ ሰው ሳቅ ሳቀ።

ኮረብታው ላይ ቀያሾች የተከሏቸው ነጭ ቀለም የተቀቡ ችካሎች እንደቆሙ ነበሩ። ለመፍጫው መግቢያ የተቆረጠው ጎን የአፈሩን ንብርብር እንደ መጽሐፍ ገጽ ገልጦታል። እርሳስ በጉልበቷ ተንበርክካ እያንዳንዱን መስመር በብሩሽ ነካች። ከክንድ ከፍታ በታች፣ ቀንድ አውጣዎች በሞሉበት ቀጭን መስመር ላይ፣ ሦስት ትናንሽ አጥንቶች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ወጥተዋል። የቀረው አካል ወደ ኮረብታው ውስጥ ይገባል።

«ጅራት» አለ ኃላፊው በሹክሹክታ። «እትዬ፣ ጅራት ነው። ላምጣ መዶሻውን?»

«የምንጠቀልልበት ጄሶ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«ማሸጊያ? ተሸካሚ ሰው?»

«…አልያዝኩም።»

«እንግዲያ ተኝታ ትቆይ።»

ከፍታውን ለካች፤ ከሦስት ችካሎች ያለውን ርቀት ለካች፤ ደብተሯ ላይ በእርሳስ ሣለች። ከዚያ አመድማውን ደለል በእፍኟ እየዘገነች ሦስቱን አጥንቶች ሸፈነች፤ በመዳፏም ቀስ አድርጋ ጠቀጠቀችው። ኃላፊውም አጎንብሶ አብሯት ሸፈነ። የእጃቸው ጀርባ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነ።

እኩለ ቀን ላይ በመኪናዋ ጥላ ሥር ዓይኗን ከደነች። እንቅልፍ አልነበረም፤ እንቅልፍ አለመሆኑም አልነበረም። ሸለቆው በዝግታ ሞላ። ውሃው ችካሎቹን አንድ በአንድ ዋጠ፣ የመኪናዋን ጎማ ነካ፣ ቀዝቃዛና አመድማ ሆኖ እስከ ደረቷ ወጣ። ዓሣዋ ከቀዩ ኮረብታ በኩል መጣች፤ ዛሬ አልዞረችም፣ አፏንም አልከፈተችም። በቀጥታ አልፋት፣ ወደ ግራጫው ኮረብታ ገብታ፣ ጅራቷን አጥፋ ተኛች።

«እህስ?» አለ የባሏ ድምፅ ከላይዋ። «አገኘሽ ወይስ ባዶ እጅሽን ነሽ?»

ዓይኗን ገለጠች። ሸለቆው ደረቅ ነበር።

«ባዶ እጄን ነኝ» አለች። «የት እንዳለች ግን አውቃለሁ።»